ስም ለመሆን ያልበቃ ሙያ

«ስሚዝ» የሚለውን ስም ሳያነብ ትምህርቱን የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አለ ለማለት ያዳግታል። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሚስተር ስሚዝ ገበያ ይሄዳል፤ ሚስስ ስሚዝ ሻይ ታፈላለች፤ ልጆቻቸው ከውሻቸው ጋር በመስክ ላይ ይሯሯጣሉ። ስሙ ለጆሮ ከመለመዱ የተነሣ ትርጉም ያለው አይመስልም። ይሁንና ትርጉም አለው፤ ያውም በእኛ አገር ሰው በአደባባይ እንዲጠራበት የማይፈልገው ዓይነት ትርጉም ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ ብረትን በእሳት አለስልሶ፣ በመዶሻ ቀጥቅጦ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ማለት ነበር። ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ሚስተር ስሚዝ «አቶ ቀጥቃጭ»፣ የባሰውን ለመናገር ደግሞ «አቶ ጠይብ» መሆኑ ነው።

በወልቂጤ በማስተምርበት ዘመን ይህንኑ ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው ቀን ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። ሣቁ የልጅ ሣቅ ነበርና አልከፋኝም። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ በሌላው ጊዜ ለሣቅ የሚፈጥን አንድ ልጅ ዓይኑን ከደብተሩ ላይ አላነሣም። አባቱ ከከተማው ዳር ማረሻና መጥረቢያ የሚሠሩ ሰው እንደሆኑ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የቃል ትርጉም አስተማርኩ፤ ልጁ ደግሞ አንድ ቃል በአንድ አገር የሚኒስትር ስም፣ በሌላ አገር ስድብ ሊሆን እንደሚችል በዚያችው ቅጽበት ሳይነገረው ተረድቶ ነበር።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? እንግሊዛውያን ከእኛ ይልቅ ሠራተኛን ያከብሩ ስለነበር ነው እንዳንል ታሪካቸው አይፈቅድልንም። የእንግሊዝ ባላባት በእጁ የሚሠራውን ሰው ከፈረሱ በታች የሚያይ ነበር። ስሙን የፈጠረው አክብሮት ሳይሆን ግብር ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ኖርማኖች በ1066 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመታት ሕዝቡ በጥቂት የክርስትና ስሞች ይጠራ ጀመር። በአንዲት መንደር ውስጥ አምስት ጆን፣ አራት ዊልያም ሲገኝ ግብር ጻፊው የትኛው ጆን ከፍሎ የትኛው እንዳልከፈለ የሚለይበት ምልክት አስፈለገው። ስለዚህ አንዱን በአባቱ፣ አንዱን በመጣበት ስፍራ፣ አንዱን በመልኩ፣ አንዱን በሥራው ለይቶ መዘገበው። ከ1377 እስከ 1381 በነፍስ ወከፍ የተጣለው ግብር መዝገቦች ዛሬም ድረስ ለስም ተመራማሪዎች ዋና ምንጭ ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ የአባቱን የሥራ ስም፣ ሥራውን ቢተውም ባይተውም፣ እየወረሰ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ገበሬ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ከሁሉ የበዛው ስም የብረት ሠሪው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁሉም በሚያርስበት መንደር «ገበሬው ጆን» ቢባል ማንንም ከማንም አይለይም፤ «ብረት ሠሪው ጆን» ሲባል ግን መንደርተኛው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ይጠቁማል። ብረት ሠሪ የሌለው መንደር ስለሌለ ደግሞ ስሙ በየመንደሩ አንድ አንድ እየሆነ አገሩን ሞላ።

በዚህ ዓይነት የተገኙትን ስሞች አንባቢ ሳያውቃቸው ያውቃቸዋል። እንግሊዝን ከ1979 እስከ 1990 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ማርጋሬት ታቸር ከባላቸው የወሰዱት ስም ሳር ከዳኝ ማለት ነው፤ በጉራጌ የሳር ቤት ላይ ወጥቶ ክዳን ለሚያለብሰው ሰው የሚስማማ ስም ነው። አሜሪካዊው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በአባቶቻቸው በኩል ጋሪ ነጂ ናቸው። «ባርከር» ቆዳ አልፊ ነው፤ ስሙ ቆዳ ከሚለፋበት የዛፍ ልጥ የመጣ ነው። «ፖተር» ሸክላ ሠሪ ነው። የብረት ሠሪው ስም ደግሞ ባሕር ተሻግሮ በየቋንቋው ይገኛል። በጀርመን ሽሚት፣ በሩሲያ ኩዝኔትሶቭ፣ በዐረቡ ዓለም ሐዳድ ይባላል። በየትምህርት ቤታችን ይታወቅ የነበረው የፋበር እርሳስ በላቲን «ብረት ሠሪ» የሚል ስም ተሸክሞ ነው የደረሰን። በፌራሪ መኪና የሚያልፍ ሰው ቢገጥመን በቅናት እንመለከተው ይሆናል እንጂ፣ የመኪናው ስም በጣልያንኛ ከብረት ሠሪዎች የወጣ መሆኑን አስበን አናውቅም። የኢኮኖሚ ትምህርት የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አዳም ስሚዝም ቢሆን «አዳም ቀጥቃጩ» ነው። የሥራን ክፍፍል ለማስረዳት በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ የሽቦ መርፌ የሚሠራበትን ቤት ምሳሌ ማድረጉ ከስሙ ጋር መገጣጠሙ ሳይታሰብ የተገኘ ቢሆንም ደስ ይላል።

ወደ እኛ እንመለስ። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በልማድ የለም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባቱ ስም ይከተላል፤ ካስፈለገ የአያቱ ይጨመራል። ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ሕዝቡ ግን ድንጋጌውን አልተቃወመውም፤ አልተቀበለውምም፤ እንዳልሰማ አልፎታል። በዚህም አልቆጭም። የስማችን ሥርዓት ለእያንዳንዱ ትውልድ አዲስ ስም ይሰጣል፤ ልጅ በአባቱ ዕዳ እንዳይጠራ የሚያደርግ ጥሩ ሥርዓት ይመስላል። እንዲህ ከሆነ የቀጥቃጭ ልጅ በስሙ የሚታወቅበት ምንም ምልክት የለምና ከእንግሊዙ ይልቅ ነፃ መሆን ነበረበት። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ።

አንድ ጊዜ ለአንድ ወጣት ሽምግልና ተልኬ ነበር። ልጁ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ምግባሩ የሚመሰገን ነው። ልጅቱም ትወደዋለች። አራት ሽማግሎች ሆነን ሄድን፤ በወጉ ቆመን ተለመንን፤ ተቀመጡ ተባልን። ቡናው ፈልቶ ቆሎው ከቀረበ በኋላ የልጅቱ አጎት፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «የልጁን ስም ነግራችሁናል፤ እስቲ ከነአባቶቹ ጥሩልን» አሉ። ከመካከላችን አንዱ ጠራ። የልጁ ስም የሚያምር ነው፤ የአባቱ የቅዱስ ስም ነው፤ የአያቱም እንደማንኛውም የጉራጌ አዛውንት ስም ነው። በስሞቹ ላይ አንዳች ነገር አልተጻፈባቸውም። አጎትየው ግን የአያቱን ስም ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና በለሰለሰ ድምፅ «እሳቸው ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁ። መልሱን እያወቁ እንደጠየቁ ሁላችንም ገባን። አያቱ እንጨት ጠራቢ ነበሩ። ፉጋ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተነገረው ሁሉ በትሕትና የተነገረ ነው፤ ልጅቱ ገና ናት ተባለ፤ ትምህርቷን ትጨርስ ተባለ፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ ተባለ። ጉዳዩም በዚያው ቀረ።

በእንግሊዝ ሙያውን ስሙ ያስታውሳል፤ ሰው ግን ረስቶታል። በእኛ ዘንድ ስሙ ምንም አያስታውስም፤ ሰው ግን አልረሳም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በመዝገብ የተጻፈ ነገር በትውልድ ብዛት ሊያረጅ እንደሚችል፣ በጆሮ የሚተላለፈው ግን በየቤቱ እየታደሰ እንደሚኖር ይሰማኛል።

ስለ ፉጋዎች ጥቂት ልበል፤ አንባቢ ከጉራጌ ውጭ ከሆነ ቃሉን ሰምቶ ነገሩን ላያውቅ ይችላል። ፉጋ በጉራጌና በአጎራባች ሕዝቦች ዘንድ ለእጅ ሥራ ባለሙያዎች የተሰጠ መጠሪያ ሲሆን፣ በሰባት ቤት ጉራጌ በተለይ እንጨት ሠሪዎቹ ይጠሩበታል፤ ብረት ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ሌላ መጠሪያ አላቸው። የጉራጌን ቤት ያየ ሰው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያውቃል። መካከሉ ላይ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ወፍራም ምሰሶ ይቆማል፤ ከእርሱ አናት ዙሪያውን የሚወጡት ማገሮች እንደ ዣንጥላ ተዘርግተው ክብ ጣሪያውን ይሸከማሉ። በጀፎረው ግራና ቀኝ ተሰልፈው የሚታዩት እነዚያ ቤቶች፣ ዛሬ በፎቶግራፍ የጉራጌ መለያ ሆነው በየግድግዳው የሚሰቀሉት፣ የፉጋ እጅ ያልገባበት የላቸውም። ዛፉን የሚመርጠው፣ ምሰሶውን የሚጠርበው፣ እንጨቱን የሚሰነጥቀው እርሱ ነበር። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ያቆመውን ምሰሶ ተደግፎ መቀመጥ አልተፈቀደለትም። ምግብ ቢሰጠው በቤቱ ሰዎች ዕቃ አይቀርብለትም ነበር። እንሰት ወደ ተተከለበት ጓሮ እንደ ልቡ አይገባም፤ ይዞት የሚመጣው ርኩሰት ተክሉን ያበላሻል ተብሎ ይታመን ነበርና። የራሱ እንሰት የሚተክልበት መሬት አልነበረውም።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዊልያም ሻክ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ በዝርዝር መዝግቦታል። ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ይኸው የተናቀ ሰው በልጃገረዶች የሙየት ሥርዓት ውስጥ ያለ እርሱ የማይሆን ቦታ ነበረው። የሙየት ልጃገረዶች የሚናገሩት የምሥጢር ቋንቋም እንዲሁ የራሱ ታሪክ አለው፤ ወልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ አጥንቶታል። ኅብረተሰቡ ያንን ሰው ይፈልገው ነበር፤ ይፈራውም ነበር። ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ለመኖር ያገኘው ዘዴ ንቀት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጉራጌን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ደግሞ ትክክል አይሆንም። በኦሮሞ ቱምቱ፣ በሶማሌ ቱማል፣ በወላይታ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻ ይባላሉ፤ ሁሉም ስሞች በገዛ አገራቸው ተመሳሳይ ጥላ አለባቸው። በአማራው ዘንድ ብረት ሠሪው ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል፤ ዓይኑ ሕፃን ይበላል ይባላል። ሁሉን የሚያስንቀው ግን «ጠይብ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጠይብ ከጠቢብ፣ ጠቢብም ከጥበብ የተለየ ሥር የለውም። ሰሎሞንን የምናመሰግንበት ቃል፣ የነጠላችን ጥለት የሚጠራበት ቃል፣ ይህ መጽሔት ለሚያገለግለው ለኪነ ጥበብ የሰጠነው ቃል፣ ከምንሰድብበት ቃል ጋር አንድ ነው። አዝማሪውንም እንዲሁ አድርገነዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲዘምር መዘምር ያልነውን፣ በጠጅ ቤት ማሲንቆ ይዞ ሲቆም በዚያው ሥር በወጣ ቃል ናቅነው። ናዝሬት ውስጥ ኢየሱስ ሲያስተምር የሰሙት ሰዎች ሊያቃልሉት የፈለጉት የጠራቢ ልጅነቱን በማንሣት እንደነበር የማቴዎስ ወንጌል ይነግረናል። ይህን ምዕራፍ በየዓመቱ እየሰማ እንጨት ጠራቢን የሚንቅ ክርስቲያን እንዴት አድርጎ እንደሚያስታርቀው አላውቅም።

ነገሩ መንግሥትን ያላሳሰበበት ጊዜ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ለአውሮፓውያን ባለ እጆች ክብርና ማዕረግ ሰጥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አስፈሰሱ፤ የነጩ ቀጥቃጭ ሲከበር የአገሬው ቀጥቃጭ ግን ቡዳ እንደተባለ ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አዋጅ ከዚህ የጠለቀ ነው። ከብረት ሠሪው እስከ ሸማኔው፣ ከጸሐፊው እስከ ገበሬው እያንዳንዱ የሚሰደብበትን ቃል እየቆጠሩ፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል አሉ፤ በስድቡ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ። አዋጁ የንጉሥ ቃል ነበርና በአደባባይ ሳይፈራ አልቀረም፤ በየጓዳው ግን የሚያስፈጽመው አልነበረም። ብዙም የሚነካው የንቀቱን አንደበት እንጂ መሠረቱን አልነበረም።

መሠረቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ መሬት ነው። ርስት የሌለው ሰው በፊውዳሉ ሥርዓት ሙሉ ሰው አልነበረም። ብረት ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ የሚበሉት ከእጃቸው እንጂ ከመሬታቸው ስላልነበር በሰው ደጅ የሚኖሩ ሆኑ። የጅቡና የዓይኑ ተረት በኋላ የመጣ ማብራሪያ ነው። የእንግሊዙ ስሚዝም ከጌታው በታች ቢሆንም የመንደሩ አባል ነበር፤ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይቀበር ነበር፤ ከጎረቤቱ ልጅ ያገባ ነበር። ስሙ ወደ ልጁ ሲተላለፍ ልጁ ያልተሸማቀቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ማንኛውም ሊያርስ የሚፈልግ ሰው ያለ ልዩነት መሬት ያገኛል ሲል፣ በጉራጌ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን እንሰት የተከሉ የፉጋ ቤተሰቦች ነበሩ። ያ ትንሽ ነገር አይደለም። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የሚተክለው ሰው እዚያው እንደሚቆይ የሚያምን ሰው ነው። በዚያው ዘመን «የዕደ ጥበብ ባለሙያ» የሚለው ስያሜ ከየስብሰባው ወደ ሕዝቡ አፍ ገባ። ስያሜው ረዥም ነው፤ ሰው በቤቱ ሲያወራ አይጠቀምበትም። ቢሆንም ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ሲጽፉት አይቻለሁና ከንቱ አልነበረም።

የሚገርመው ጉራጌው ራሱ ይህን ጽዋ መቅመሱ ነው። ከአገሩ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው ጉራጌ ተሸክሞ፣ ጫማ ጠርጎ፣ በጉልት ቸርችሮ ነው መርካቶን ያቀናው። ከዚህም የተነሣ አንድ ጊዜ በከተማው ውስጥ «ጉራጌ» ማለት የሕዝብ ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራ ስም ሆኖ ነበር። ዕቃ የሚያሸክም ሰው ከየትኛውም ብሔር የመጣውን ወጣት «አንተ ጉራጌ!» ብሎ ይጠራ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። አባቶቻችን በዚህ ስድብ መርካቶ ላይ አንጀታቸው እየበገነ፣ ለመስቀል አገር ቤት ሲገቡ ክትፎ የሚቀርብበትን ጣባ የሠራችውን ሴት፣ ሥጋውን የከተፉበትን ቢላዋ የቀጠቀጠውን ሰው ከማዕዳቸው ያርቁ ነበር። ይህንን የምጽፈው የሌላውን ሕዝብ ነውር አድርጌ አይደለም።

ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ በሆነችው በቡታጅራ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት የብረት ሠሪ ቤቶች ፊት ለፊት ይገኛሉ። በአንደኛው ወጣቶች ጥቁር መነጽር አድርገው በኤሌክትሪክ ብየዳ የቆርቆሮ በርና የመስኮት ብረት ይሠራሉ። ሞተር ብስክሌት አላቸው፤ ሠርግ ይጠራሉ፤ እንደሰማሁት ከመካከላቸው ለአንዱ ሴት ልጅ የነፈገው ቤት የለም። ፊት ለፊታቸው አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው በወናፍ ከሰል እያራገቡ ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይቀጠቅጣሉ። ብረቱ አንድ ነው፤ እሳቱም እሳት ነው። ወጣቶቹ «የብረታ ብረት ሥራ» ናቸው፤ ሽማግሌው ግን ከመንገድ ወዲያ ማዶ ሆነው ጠይብ ናቸው። ኤሌክትሪክ ከንቀት ያነጻል ማለት ነው እንዴ? ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው ዛሬም ከሽማግሌው ዘንድ ነው፤ በየዳዎቹ ራሳቸው መሮአቸው ሲደንዝ መንገዱን ተሻግረው እንደሚያስስሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ጊዜ ቢላዋ ላስስል ሄጄ ሽማግሌውን ከአንድ ሰሌዳ ጻፊ ጋር ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ልጃቸው ደጁ ላይ ሰሌዳ ይሰቀል ብሎ ነው። ጻፊው ልማዱ ሆኖ «የብረታ ብረት ሥራ ብዬ ልጻፍልዎ፣ አባባ?» አላቸው። «እሱማ የነሱ ነው» አሉ በአገጫቸው ወደ ማዶ እያሳዩ። «ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ ብለህ ጻፍ። እንቀጠቅጣለን በል።» ጻፊው ቀና ብሎ አያቸው። ቃሉን ደግመው ነገሩት። ከዚያ ስማቸውን አስጻፉ፤ የአባታቸውን ስም አስጻፉ። ልጃቸው ወናፉን ትቶ ተነሣና «የአያትዎንም ያስገቡ እንጂ፤ መዶሻው የሳቸው አይደለም እንዴ?» አለ። ጻፊው ዋጋ የሚቆርጠው በፊደል ነበርና ቦታውን በክንዱ ለካ፤ ለአራቱ ፊደል ጨምረው ከፈሉት።